ሲሄዱ 17 ሰዓት፣ ሲመለሱ 13

የአሜሪካ ተጓዥ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሻንጣው ይታወቃል። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ውስጡ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ቁጥሩ 24.5 ይላል፤ የተፈቀደው 23 ኪሎ ነው። ያኔ ሻንጣው እዚያው ወለሉ ላይ ይከፈታል። አንድ ከረጢት ሽሮ ይወጣና ወደ ሌላው ሻንጣ ይዛወራል፤ ያም ሞልቶ ከሆነ ከእጅ ቦርሳ ጥግ ይወሸቃል፤ እዚያም ካልገባ ለሸኚ ይመለሳል። ሸኚዎች ውጭ ቆመው በስልክ «እሺ፣ አለፈላችሁ?» ይላሉ።

ግርግሩ ሲያልቅ እናት የምትጠይቀው ያው አንድ ጥያቄ ነው፦ «መቼ ነው የምትደርሱት?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ትኬቱን ያየ ሰው ግን ግራ ይጋባል። ፕሮግራሙ በየወቅቱ ቢቀያየርም፣ አውሮፕላኑ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ዋሽንግተን ይደርሳል እንበል። በጣት ሲቆጠር አሥር ሰዓት ብቻ! ሲመለስ ደግሞ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ከዋሽንግተን ተነስቶ በማግስቱ ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ቦሌ ያርፋል፤ ይህ ሲቆጠር ሃያ ሰዓት ነው። ስለዚህ መሄዱ አጭር፣ መመለሱ ረጅም ይመስላል። እውነቱ ግን ግልብጡ ነው። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ በፈረንጆቹ ክረምት ደግሞ በስምንት። ያንን ሲሄዱ ደምሮ ሲመለሱ ቀንሶ ላሰላ ሰው መሄጃው 17 ሰዓት ገደማ፣ መመለሻው 13 ሰዓት ገደማ ይመጣለታል።

አራቱ ሰዓት የት ገባ? መንገዱ ያው መንገድ፣ አውሮፕላኑም ብዙውን ጊዜ ያው አውሮፕላን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ 1976 ዓ.ም. ግንቦት ወር መጨረሻ መመለስ ይጠቅማል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ የገዛው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነስቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን ጉዞ የጨረሰው በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ሲሆን፣ ሁለት ሞተር ላላቸው ጄቶች በጊዜው የርቀት ክብረ ወሰን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአርባ ዓመት በላይ አልፏል። አውሮፕላኑ በካርቦን ፋይበር ተሠራ፣ መስኮቱ ሰፋ፣ ከፊት መቀመጫው ጀርባ ፊልም መጣ። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ የሚወስደው ጊዜ ግን ዛሬም ያው 13 ሰዓት ገደማ ነው። የመንገደኛ ጄቶች ፍጥነት ላለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት እምብዛም አልጨመረም፤ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ረግቷል። ወደ ድምፅ ፍጥነት መጠጋት ነዳጁን በእጅጉ ስለሚያንረው መሐንዲሶቹ ጥረታቸውን ያዋሉት ነዳጅ መቆጠብ ላይ ነው።

ያ የ1976ቱ በረራ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ እንጂ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን እንዳልነበረ ልብ ይሏል። የእንቆቅልሹ ፍቺ ያለው እዚያ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ግን ርቀቱ። በግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን በማስመሪያ መስመር ቢሰመር፣ መስመሩ ቻድን፣ ኒጀርን፣ ማሊንና ሞሪታኒያን አቋርጦ አትላንቲክ ውስጥ ይገባል። ርዝመቱም ከ12,000 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ካርታ ግን ክቡን ነገር በግድ ጠፍጣፋ ያደረገ ወረቀት ነው። የትምህርት ቤት ሉል ያገኘ ሰው አንድ ክር ወስዶ አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ይዞ ወጠር ቢያደርገው ክሩ ራሱ ወደ ሰሜን ይሸሻል። ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ የቱኒዝያን ደቡብ ጫፍና አልጄሪያን አልፎ ሜዲትራኒያንን ይሻገራል፤ በስፔንና በፖርቹጋል በኩል ወጥቶ ከአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ጋር ይገናኛል። አጭሩ መንገድ ይህ ነው፤ 11,550 ኪሎ ሜትር ገደማ። የካርታው «ቀጥታ» መስመር ከክሩ በ500 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ወደ አሜሪካ የሚሄድ መንገደኛ ከፊቱ ያለው ስክሪን ላይ አውሮፕላኑ ወደ አውሮፓ ሲያቀና አይቶ «ምነው ወደዚያ ዞረ?» ማለቱ የተለመደ ነው። አልዞረም።

እርግጥ ነው፣ ክሩ በሰማይ ላይ እንዳለ አይገኝም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ የአገሪቱ ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላኖች ተዘጋ፤ የሊቢያንም ብዙ አየር መንገዶች ለዓመታት ሲሸሹት ኖረዋል። ስለዚህ ከቦሌ ወደ ሰሜን የሚወጣ አውሮፕላን ቀይ ባሕርን ይዞ መጠምዘዝ ግድ ሊሆንበት ይችላል። ምድር ላይ የተቆረጠ መንገድ ሰማይ ላይም ይቆረጣል።

11,550ን ለ900 ማካፈል ማንም ይችላል፤ 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይመጣል። አየሩ ጸጥ ብሎ ቢቆም ሁለቱም አቅጣጫ ይኸው ነበር። አየሩ ግን አይቆምም። ከመሬት ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ማለትም ጄቶች በሚበሩበት ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጋልብ የነፋስ ወንዝ አለ፤ ጄት ስትሪም ይሉታል። ከዋልታ የሚመጣው ቀዝቃዛ አየርና ከምድር ወገብ በኩል ያለው ሞቃት አየር የሚገናኙበት ድንበር ላይ ይፈጠርና፣ የምድር መሽከርከር ወደ ምሥራቅ ያጎብጠዋል። በፈረንጆቹ ክረምት ይበረታል። በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር ማለፉ ብርቅ አይደለም፤ ሲብስበት ከዚያ እጥፍ ይሄዳል።

የሚገርመው፣ ይህን ነፋስ አስቀድሞ የመዘገበው ዋሳቡሮ ኦኢሺ የሚባል ጃፓናዊ የሜትዎሮሎጂ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፊኛ እየለቀቀ አቅጣጫውንና ፍጥነቱን መዘገበ። ዓለም ሁሉ እንዲያነበው ብሎ ያሳተመው ግን በኤስፔራንቶ ቋንቋ ነበርና የሚያነበው ጠፋ። ሌሎች የተረዱት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ጃፓን ላይ ከዚሁ ነፋስ ጋር ሲላተሙ ነው።

ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ከዚሁ ከዋሽንግተን የተነሳ አንድ አውሮፕላን አሳይቷል። ወደ ለንደን የሚበረው የቨርጂን አትላንቲክ ጄት ከመሬት አንጻር በሰዓት 1,290 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደ። ቁጥሩ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ነው፤ አውሮፕላኑ ግን የድምፅን ፍጥነት አልጣሰም። በአየሩ ውስጥ የሄደው በተለመደው ፍጥነቱ ሲሆን፣ አየሩ ራሱ ተሸክሞት ስለነጎደ ነው። በሚሄድ አውቶብስ ውስጥ ወደፊት የሚራመድ ሰው በሉት።

ያው ነፋስ ወደ ምዕራብ ለሚሄደው ጠላቱ ነው። በመንገዱ ሁሉ በአማካይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሆን ነፋስ ቢኖር፣ ከኋላ የሚገፋው አውሮፕላን አዲስ አበባን በ11 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ያገኛታል፤ ፊት ለፊት የሚገጥመው ደግሞ ዋሽንግተንን በ14 ሰዓት። ከሁለት ሰዓት በላይ ልዩነት በነፋስ ብቻ! ለዚህ ነው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መካከል ያሉት የሰማይ መንገዶች ቋሚ ያልሆኑት፤ የነፋሱን አዋዋል እየተከተሉ በየቀኑ እንደ አዲስ ይሰመራሉ።

ሆኖም ነፋስ አራቱን ሰዓት ሁሉ አይበላም። የቀረው የሚጠፋው መንገድ ላይ ነው። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላን አንድ ቦታ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል፤ ሲመለስ ግን አያርፍም። ማረፊያው በየዘመኑ ተቀያይሯል፦ ሮም፣ ደብሊን፣ ሎሜ። በአጭሩ መንገድ ሲለካ በሮም ማለፍ የሚጨምረው 150 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ደብሊን 270 ያህል ይጨምራል። ሎሜ ግን ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ያስዞራል፤ በምትኩ አየር መንገዱ ከምዕራብ አፍሪካ የሚሳፈሩ መንገደኞችን ያገኛል። ዝቅ ብሎ ማረፍ፣ መቅዳት፣ እንደገና መውጣት፣ ሲደመር ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። እዚያው የሚወርድ ተሳፋሪ ካልሆነ በቀር ብዙው ሰው ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ የጽዳት ሠራተኞች በእግሩ መካከል ሲያልፉ እያየ ይጠብቃል።

ብዙ መንገደኛ ይህን ለአየር መንገዱ ጥቅም ሲባል የተደረገ፣ ወይም የአውሮፕላኑ አቅም ማነስ አድርጎ ያስበዋል። ዋናው ምክንያት ግን ሁለቱም አይደለም። ይህን መስመር ለዓመታት የሠራውን ቦይንግ 777-200ኤልአር እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2005 የዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ከሆንግ ኮንግ ወደ ምሥራቅ ተነስቶ ፓስፊክን፣ አሜሪካንና አትላንቲክን አቋርጦ ለንደን ሲያርፍ፣ 21,602 ኪሎ ሜትር በ22 ሰዓት ከ42 ደቂቃ በርሯል። የአዲስ አበባና የዋሽንግተንን ርቀት እጥፍ ሊያክል ምን ቀረው? ጫናው ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ፣ ነፋሱ ከኋላ ነበር፣ ሆንግ ኮንግም ባሕር ዳር ናት።

ቦሌ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ 95 ሜትር፣ የሮሙ ፊውሚቺኖ ጥቂት ሜትር፣ ሎሜም ሃያ ሜትር ገደማ። በቦሌ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ይህ ስስ አየር አውሮፕላኑን ሦስት ጊዜ ይቀጣዋል። ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል። ክንፉ የሚደገፍበት አየር ስለሳሳ ለመነሳት ይበልጥ መፍጠን አለበት፤ ስለዚህ ብዙ ይንደረደራል፣ ጎማም ደግሞ የማያልፈው የፍጥነት ልክ አለው። ከተነሳ በኋላም፣ አንድ ሞተር ቢጠፋ እንኳ በቀረው ብቻ በዙሪያው ካሉት ተራሮች በላይ ደህና መውጣት እንዲችል ሕጉ ያስገድዳል። ሰሜኑን ማን እንደያዘው የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል፤ እንጦጦ ነው።

የሯጮቻችንን ሳንባ የሚያሰፋው አየር የጄት ሞተርን ትንፋሽ ያሳጥራል ማለት ነው።

መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ ቀለል ብሎ መነሳት። ምን ይቀነስ? 777-200ኤልአር የሚይዘው ነዳጅ፣ እስከ አፉ ቢሞላ፣ የራሱን ባዶ ክብደት ያህላል፤ እያንዳንዳቸው 145 ቶን ገደማ። ነዳጅ ራሱ ነዳጅ ይበላል፤ በረራው በረዘመ ቁጥር አውሮፕላኑ ኋላ የሚያቃጥለውን ነዳጅ ለመሸከም ሲል ብቻ ሌላ ነዳጅ ያቃጥላል። ረጅም መንገድ የምትሄድ በቅሎ የመንገዷን መኖ ሁሉ ራሷ ተሸክማ ብትነሳ እንደማለት ነው። አሁን ወደ ሚዛኑ እንመለስ። 300 መንገደኞች እያንዳንዳቸው 46 ኪሎ ሻንጣ ቢይዙ 13.8 ቶን ይሆናል፤ ሰዎቹ ራሳቸው፣ የእጅ ቦርሳቸውና በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ የሚጫነው ካርጎ ሳይቆጠር። ያ ሁሉ በርበሬና ሽሮ ከነዳጅ ጋር የሚሻማው በአንድ ሚዛን ላይ ነው። ስለዚህ ስሌቱ እንዲህ ይሆናል፦ ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ሻንጣ፣ እስከ ሮም የሚያደርስ ነዳጅ። ሮም ሲደርስ አየሩ ወፍራም ነው፤ ያኔ የቀረውን ይቀዳና ይሄዳል። ሲመለስ ደግሞ ከደለስ በወፍራም አየር፣ እስከሚያስፈልገው ነዳጅ ቀድቶ፣ ነፋሱን ከኋላ ይዞ ስለሚነሳ የሚያስቆመው የለም።

አውሮፕላኑ ከቦሌ በሌሊት መነሳቱ ዋናው ምክንያቱ የሌሎች በረራዎችን ተሳፋሪዎች ማገናኘት ነው። ግን የአዲስ አበባ ሌሊት መቀዝቀዙም ውለታ አለው፤ ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ የወፈረ ነው።

ይህ የከፍታ ጣጣ ለከተማይቱ አዲስ አይደለም። አየር መንገዱ በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ የያዘው በአሥመራ በኩል የሚሄድ ባለ ፕሮፔለር ሲ-47 ነበር፤ ያኔ የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ይበቃ ነበር። በ1950ዎቹ የጄት ዘመን ሲመጣ ግን የልደታ መንደርደሪያ ለቦይንግ 720 አልሆነም፤ ቦሌ የተሠራው ለዚህ ነው። የዛሬው የቦሌ መንደርደሪያ 3.8 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ እግረኛ ከዳር እስከ ዳር ለመሄድ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል።

አዲስ አበባ በዚህ ብቻዋን አይደለችም። ሜክሲኮ ሲቲም ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። የዱባዩ ኤሚሬትስ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደዚያ ሲጀምር በባርሴሎና በኩል ያደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። የቱርክ አየር መንገድ ደግሞ ብልሃት አገኘ፤ ከኢስታንቡል በቀጥታ ሜክሲኮ ሲቲ ይገባና፣ ሲመለስ ባሕር ዳር ካለችው ካንኩን ላይ አርፎ ይነሳል። በተቃራኒው፣ ከሲንጋፖር ኒው ዮርክ የሚበረው የሲንጋፖር አየር መንገድ ኤርባስ ኤ350 ከ15,300 ኪሎ ሜትር በላይ ሳያርፍ ይሄዳል፤ 18 ሰዓት ተኩል ገደማ። ሲንጋፖር ባሕር ዳር ናት፤ አውሮፕላኑም የሚይዘው 161 ሰው ብቻ ሲሆን ተራ የኢኮኖሚ መቀመጫ የለውም። ያንን አሠራር ወደ ቦሌ ማምጣት ይቻላል። ግማሹን መቀመጫ ማንሳት፣ የትኬቱን ዋጋ መቆለል፣ ሻንጣውን አንድ ማድረግ። ሽሮውን ለሸኚ መልሶ እስከ ሁለት ሰዓት ከሚያተርፍና ሽሮውን ይዞ ሮም ላይ አንድ ሰዓት ከሚጠብቅ መንገደኛ የሚበዛው የትኛው እንደሆነ የቦሌን ሚዛን ያየ ሁሉ ይመልሰዋል።

ቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ነገሩን ጥቂት ያቃልለዋል። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ በዚያ ላይ መንደርደሪያውን እንደልብ ማስረዘም ይቻላል። አራት መቶ ሜትር ለእግረኛ ዳገት ናት፤ ለአውሮፕላን ግን ብዙ ቶን። ቢሆንም ቢሾፍቱም 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ናትና ነፋሱም ከፍታውም ሙሉ በሙሉ አይለቁም።

እስከዚያው ትኬት የሚቆርጥ ሰው የመነሻና የመድረሻ ሰዓቱን ትቶ «ጠቅላላ የጉዞ ጊዜ» የሚለውን ይመልከት። ለእናት ደግሞ አንድ ቀላል መንገድ አለ፤ የሐበሻ ሰዓት ከፈረንጁ በስድስት ሰዓት ስለሚለይና ዋሽንግተን በሰባት ስለምትቀር፣ የአዲስ አበባ የሐበሻ ሰዓትና የዋሽንግተን የፈረንጅ ሰዓት ሊገጥሙ ጥቂት ነው የሚቀራቸው። ልጅ ከዋሽንግተን ደውሎ «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ በፈረንጅ ዘጠኝ፣ አረፍኩ» ሲል የአዲስ አበባ ግድግዳ ሰዓት አሥር ይላል። ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ በዋሽንግተኑ የፈረንጅ ሰዓት ላይ አንድ ይደምሩ፣ ከዚያ ውጭ ሁለት፤ ጠዋት ይሁን ማታ ግን ከመደወልዎ በፊት ያስቡበት።